ባለ20 ሳንቲሙ ደለስ

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የበረረ ሐበሻ ሁሉ ደለስ ኤርፖርትን ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን በኢሚግሬሽን ሰልፉ ነው። ከአውሮፕላን ወርዶ ክፍል በሚያህለው ተሽከርካሪ ውስጥ ተጨናንቆ ይሄዳል፤ ሻንጣውን ይለቅማል፤ ዘመድ አቅፎ ይወጣል። ቀና ብሎ ጣሪያውን ያየ ስንቱ ነው?

እኔን ያሳየኝ ፖስታ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ኢስተርን ማርኬት በሚባለው ገበያ ቅዳሜና እሁድ አሮጌ ዕቃ ይሸጣል። አንድ ሽማግሌ በጫማ ካርቶን ፖስታ ደርድረዋል። ከመሀል አንዱን ሳብኩ። አራት ባለ20 ሳንቲም ቴምብሮች አሉበት፤ የወጡበትን ዕለት፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1982ን፣ የያዘ የዋሽንግተን «የመጀመሪያ ቀን» ማኅተም ተመትቶባቸዋል። የታወቁ አርክቴክቶችን ሥራዎች ያሳያሉ፦ የፍራንክ ሎይድ ራይት ፎሊንግዋተር (ፏፏቴ ላይ የተሠራ ቤት)፣ የሚስ ቫን ደር ሮ የቺካጎ ሕንፃ፣ ዋልተር ግሮፒየስ ለራሱ የሠራው ቤት፣ እና የኤሮ ሳሪነን ደለስ። በጥቂት ዶላር ወሰድኩት።

በነገራችን ላይ፣ «የመጀመሪያ ቀን» የሚል ማኅተም ሁሉ በዕለቱ የተመታ አይደለም። ፖስታ ቤቱ በደብዳቤ ለሚያዙ ሰብሳቢዎች ከዚያም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ያንኑ ማኅተም ይመታል። እኔ ግድ የለኝም። የማልወደው በግራ በኩል የተንቆጠቆጠ ሥዕል የታተመበትን ፖስታ ነው፤ ቴምብሩን ይውጠዋል። የእኔው ንጹሕ ነው።

የምመለስ ዕለት ደለስ በጊዜ ደረስኩና ሻንጣዬን እየጎተትኩ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ጣሪያው በሁለት ረድፍ ምሰሶዎች መካከል እንደተሰጣ ጋቢ ረገብ ብሎ ተንጠልጥሏል። የያዙት በኮንክሪት የተሸፈኑ የብረት ገመዶች ናቸው። ክብደቱ ወደ ውስጥ ስለሚስብ ምሰሶዎቹ ወደ ውጭ ዘንበል ብለዋል። ሳሪነን ሲመረቅ አላየውም፤ በ1961 ሞተ፣ ኬኔዲ በ1962 መረቁት። ያቺ የምናማርራት ተሽከርካሪም የእሱ ሐሳብ ናት። ተሳፋሪው በረጅም ኮሪደር እንዳይደክም ብሎ ነው፤ አሁን ብናገኘው ስንት ነገር በነገርነው!

ፖስታውን አውጥቼ አስተያየሁ። የቴምብሩ ደለስ አጭር ነው። በ1990ዎቹ በሁለቱም ጫፍ ተቀጥሎ ከ600 ጫማ ወደ 1,240 ጫማ ረዝሟል። ቅጥያው የሳሪነንን ዲዛይን ስለተከተለ የት እንደተጋጠመ ለማወቅ ይቸግራል። ለእኔ ግን አጭሩ ይበልጣል። ያኛው ሊነሳ ያኮበኮበ ነው የሚመስለው፤ ርዝመቱ ያንን ቅልጥፍና ወስዶበታል።

ቀጣዩ ፎሊንግዋተር ነው፤ ፔንሲልቬንያ፣ ከዋሽንግተን በመኪና የሚደረስ። የአክስቴ ልጅ ሊወስደኝ ቃል ገብቷል። ስለ ቴምብሩ ትንፍሽ አላልኩም፤ ፏፏቴ አለ ብቻ ነው ያልኩት።