ባሕሩ የሸሸበት ጠዋት

ዋና የተማርኩት ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ነው። ትምህርት ሲዘጋ አጎቴ ከጎንደር ይዞኝ ይወርድ ነበር። ጣና ደለል ስላለበት ውሃው ውስጥ ዓይን ቢከፈት የገዛ እጅ እንኳ አይታይም። ሐኪሞችም ዳር ዳሩን ቢልሃርዝያ አለ ይላሉ። ታቹ በሚታይ ውሃ ውስጥ መዋኘት የልጅነት ምኞቴ ሆኖ ኖረ። ዘንድሮ ጥምቀትን ጎንደር አክብሬ፣ በሳምንቱ ከአዘዞ ተነሥቼ በአዲስ አበባ በኩል የታንዛንያ ደሴት ወደሆነችው ዛንዚባር ገባሁ።

ስለ በረራው የምለው የለኝም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል፤ 44 ዶላር የጉዞ መድን መግዛትም ግዴታ ነው። ያናደደኝ ታክሲው ነው። በምሥራቅ ዳርቻ እስካለችው ፓጄ በ50 ዶላር ተስማምተን ስንደርስ “ሻንጣው ለብቻው ነው” ብሎ 10 ጨመረብኝ። መሽቶ ስለነበር ከፈልኩ። ከብሩ ይልቅ የቆጨኝ ቃሉ ነው፤ እኛ ዘንድ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ መጨመር ነውር ነው።

ፓጄን የመረጥኩት በፎቶ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ስወጣ ባሕሩ የለም። ማዕበሉ ኮራል በሚባለው አለት መሰል የባሕር ፍጥረት ላይ እየተሰበረ ነጭ መስመር ሠርቶ በሩቅ ይታያል፤ እስከዚያ ድረስ ያለው እርጥብ አሸዋና ቁርጭምጭሚት የማያልፍ ኩሬ ነው። ሴቶች በገመድ ላይ የሚያለሙትን የባሕር አረም ጎንበስ ብለው ይሰበስባሉ። ውሃው ጋ ልድረስ ብዬ በባዶ እግሬ ስሄድ ጃርት የሚመስለውን ጥቁር እሾሃም ፍጥረት ረገጥኩ። ተረከዜ ላይ ሰባት እሾህ ተሰብሮ ቀረ።

ከሴቶቹ አንዷ ሥራዋን ትታ መጣች። ክንዴን ይዛ እስከ ዳር አደረሰችኝና አንድ ልጅ ልካ ጥሬ ፓፓያ አስመጣች። ልጡን በቢላ ጫር ጫር ስታደርገው የወጣውን ነጭ ወተት በጣቷ እያነሳች ቀባችልኝ። “ፖሌ ሳና፣ ፖሌ” ትላለች። “አይዞህ” ማለቷ እንደሆነ ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ። ገንዘብ ባወጣ እጄን መለሰችው፤ ቅርጫቷን አንሥታም ወደ ሥራዋ ሄደች።

ነገሩን ያስረዱኝ የሆቴሉ ሽማግሌ ዘበኛ ናቸው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ደግሞ ሽሽቱ ይብሳል። የሄድኩት ጨረቃ ልትወለድ ስትል ኖሯል። “ዛሬ የሚሞላው ሳ ኩሚ ነው” አሉኝና አሥር ጣታቸውን ዘረጉ። ሰዓቴን አየሁ። ስዋሂሊም እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል፤ የሳቸው አሥር ሰዓት የኔም አሥር ሰዓት ነው! ሰው አገር ላይ እንዲህ የቀለለኝ ነገር የለም። እውነትም በ10 ሰዓት ውሃው ከኮኮናት ዛፎቹ ሥር ደርሶ ነበር። ጣና በዓመት አንዴ ሞልቶ አንዴ ሲጎድል ላደገ ሰው ይህ ቆሞ የሚታይ ነገር ነው።

እዚያ ሁለት ቀን ቆየሁ። ፓጄን አልነቅፋትም፤ ነፋሱ የማያቋርጥ፣ ውሃው ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ለካይት ሰርፊንግ፣ ነፋስ በሞላው ጨርቅ እየተጎተቱ በሰሌዳ ውሃ ላይ ለመንሸራተት፣ የተመቸች ናት፤ ሰማዩ በባለቀለም ጨርቅ ተሞልቶ ይውላል። ዋና የፈለገ ግን ወደ ሰሜን፣ ወደ ኑንግዊና ኬንድዋ ይሂድ። እዚያ ታቹ ቶሎ ስለሚጠልቅ ባሕሩ ቢሸሽም ብዙ አይርቅም፤ ጠዋትም ከሰዓትም ይዋኛል። ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት የዚያን ሳምንት የባሕር ሙላት ሰዓት ጠይቁ። ፎቶ የሚነሣው ሲሞላ ነው።

ከኑንግዊ በእንጨት ጀልባ ወደ ምኔምባ ሄድን። ደሴቲቱ የግል ስለሆነች መውረድ አይቻልም፤ የሚዋኘው ዙሪያዋን ካለው ኮራል ላይ ነው። መነጽሩን አጥብቄ፣ የመተንፈሻውን ቱቦ ነክሼ ፊቴን ውሃ ውስጥ ስከት በመጀመሪያ የሰማሁት የገዛ ትንፋሼን ነው። ከዚያ ታቹን አየሁ። ቢጫና ጥቁር ሸንተረር ያላቸው ዓሦች ክንዴ ሥር ያልፋሉ፤ አንድ ሰማያዊ ዓሣ ኮራሉን ሲግጥ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ይሰማኛል። ጨው ያለበት ውሃ ሰውን ያንሳፍፋል፤ እንደ ጣና መታገል የለም። የጀልባው ልጅ ኮራሉን እንዳንነካ፣ እንዳንቆምበትም ደጋግሞ ነገረን፤ ሕይወት ያለው ነገር ነውና። አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ፤ ማታ ጀርባዬ በፀሐይ ተቃጥሎ በሆዴ ተኝቼ አደርኩ። ከነቲሸርታችሁ ግቡ።

ጎንደር ስገባ እናቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። ውሃ አይታመንም እያለች በየቀኑ ስትደውል ነበር። ጫማዬን አስወልቃ ተረከዜን ብርሃን ላይ አየችው፤ ጥቁር ነጠብጣቦቹ ገና አልጠፉም። ስለ ሴትዮዋ ነገርኳት።

“ስሟን ማን አለችህ?”

“አልጠየቅኋትም እማዬ።”

ሁለተኛውን ሲኒ ቀድታ ሰጠችኝና “ስሟን ብታውቀው ስለት እሳልላት ነበር” አለች።