ሠዓሊውን ለማኝ ያደረግሁ ለታ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ትባል እንጂ ግማሹ ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ሰው ይገባና ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል። «ነገሩ እንዲህ ነው» ብሎ ከአያቱ ይጀምራል። እኔ ከወሬው ውስጥ ፍሬውን ለቅሜ በፓወር ግዕዝ አንድ ገጽ አደርገዋለሁ። የመሬት፣ የጡረታ፣ የዝውውር፣ የቀለብ። ቢሮ ሄደው «ማን ጻፈልህ?» ሲባሉ «ፎቶ ኮፒ ቤት» ነው የሚሉት። ለእኔም ይመቸኝ ነበር። ስሜ ካልተነሣ ስህተቴም አይነሣም።

የራሴን የምጽፍበት ደብተር ግን ነበረኝ። መሳቢያ ውስጥ፣ ከደስጣ ወረቀቱ ሥር። 6 ዓመት ሙሉ ለማንም አላሳየሁትም። ለራሴ የምሰጠው ሰበብ አላጣሁም። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት እዚሁ አጠገባችን፣ እንዶዳም ነው። በእሳቸው አገር ብዕር አንሥቶ ጸሐፊ ነኝ ማለት ድፍረት አይሆንም? (እውነቱን ለመናገር አዳማም ብወለድ ሌላ ሰበብ አላጣም ነበር።)

ሌላው ፍርሃቴ አባቴ ነው። አባቴ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ ዋሸራ ወርዶ ቅኔ ተምሯል። አልጨረሰም። አያቴ ሲሞት ተመልሶ እርፍ ጨበጠ። ጆሮው ግን እዚያው ቀርቷል። ዜና አንባቢ ሲሳሳት ሬዲዮውን ይቆጣል።

በ2014 ክረምት አንድ ማታ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈትሁ። ስሜን አልጻፍሁበትም። 11 ሰው ገባ፤ 7ቱ ዘመድ። የመጀመሪያዋ ጽሑፌ ስለ አንድ ሠዓሊ ነበረች። ልጅ ሆኜ የገጠሩ ቤተ ክርስቲያናችን ሲሣል አባቴ ይዞኝ ሄዶ ነበር። ሠዓሊው መሰላል ላይ ሆኖ ጻድቃኑን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሥላል። ክፉዎቹን በጎን፣ በአንድ ዓይን። «የዚህ ሰውዬ ሌላው ዓይኑ የት ሄደ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ክፉ ነዋ! ሙሉ ፊቱን መች ያሳያል» አለኝ። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሦስት አንቀጽ። ለቀቅሁና ስልኩን አጥፍቼ ሞሰብ ውስጥ ከተትሁት። ለምን ሞሰብ ውስጥ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ጠዋት ስነሣ አባቴ ስልክ ይዞ ይስቃል። ከእሱ ጋር ቅኔ የቆጠሩ አንድ መሪጌታ ናቸው የደወሉት። ልጃቸው አሳይቷቸው ኖሯል። «ልጅህ ሠዓሊውን ለማኝ አደረገችው እኮ!»

ለካ «ሰአሊ» ብዬ ነው የጻፍሁት። በእሳቱ ሰ፣ በአልፉ አ። በግዕዝ ሰአለ ማለት ለመነ ነው። «ሰአሊ ለነ» ስንል «ለምኚልን» ማለታችን ነው። ሥዕል የሚሥለው በንጉሡ ሠ፣ በዐይኑ ዐ ነው።

ፊቴ ጋለ። ቻናሉን ላጠፋው ስልኬን ከሞሰቡ አወጣሁ።

«ምን ሆንሽ አንች?» አለኝ አባቴ። «ጠሉት አሉሽ? ፊደል ነው እኮ ያሉሽ።»

ከዚያ የዋሸራን ነገር አነሣ። ጀማሪ ከጉባኤ ቃና፣ ከአጭሯ ቅኔ ይነሣል። ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት መስመር ብቻ ናት። ለዚያች ሁለት ቤት ተማሪው ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ሲቆጥር፣ በልቡ ሲገጥም ይውላል። ከዚያ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያርማሉ፣ ያቃናሉ። ነገ ደግሞ አዲስ ነው፤ የትናንቱን ይዞ መምጣት ነውር ነው።

«የታረመ ልጅ አያለቅስም ነበር» አለኝ። «የሚያለቅሰው የኔታ ዝም ያሉት ነው።»

አረምሁት። ሁለት ፊደል ለመቀየር አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙም አያስወራ። ቅዳሜ ማታ ማታ አንድ አንድ እለቅ ነበር። 11ዱ ሰው 400 ደረሰ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አካባቢ የአዲስ አበባ ሰው ለመምሰል እጥር ነበር። እናቴ «አንች» ያለችውን «አንቺ» አደርገዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ረስቼው እንዳለ ወጣ። ቤይሩት የምትሠራ የሞጣ ልጅ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «እናቴ የጠራችኝ መስሎኝ ዞርሁ» ትላለች እየሳቀች። ደጋግሜ ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ እናቴን አላረምኋትም።

በ2015 ነሐሴ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ለወራት አልተመለሰም። ያኔ ከዚህ የሚብስ ብዙ ነገር ነበር፤ እሱን ዛሬ አላነሣውም። ቅዳሜ ማታ ሲሆን እጄ ስልኩን ይፈልጋል። ሦስት ሳምንት አንድ ቃል አልጻፍሁም። ለማን ብዬ? በአራተኛው ደብተሩን አወጣሁ። መብራት ጠፍቶ ደንበኛ ተኮልኩሎ ሲጠብቅ፣ «እስኪ ይችን ስሙኝ» ብዬ ማንበብ ጀመርሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዲት ሴት መሃል ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሥታ ወጣች። እውነቷን ነው፤ ረዝሞ ነበር። የተነሣችበት መስመር ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁ። ማታ ከዚያች መስመር ጀምሬ ቆረጥሁት። እስካሁን ከጻፍሁት ሁሉ እሷን ጽሑፍ እወዳታለሁ።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ደብተሩ ውስጥ 23 ጽሑፍ ነበር። 9ኙን ለቀቅሁ። የቀሩት ይቅሩ። ቻናሉ ላይ ስሜን ግን አሁንም አልጻፍሁም። ምን አስቸኮለኝ፣ እላለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ሽማግሌ ከሉማሜ መጡ። የመሬት ጉዳይ ነው። ጽፌ ጨርሼ አነበብሁላቸው። «እስኪ ድገሚው» አሉኝ፤ ደገምሁት። ዝም ብለው ሰሙና «አዎ፣ ያልሁት ይኸንን ነው» አሉ። ወረቀቱን አጥፈው ከጋቢያቸው ሥር ከተቱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ማን ጻፈልህ ቢሉኝ ማን ልበል ልጄ?»

ስሜን ከነአባቴ ነገርኋቸው።