ለብቻ የሚጠና ኤፒ፤ የትኛው?

«ለብቻ ለማጥናት ቀላሉ ኤፒ የቱ ነው?» የሚለውን ጥያቄ እያደር እየጠላሁት ነው። ኤፒ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚወስዱት የኮሌጅ ደረጃ ትምህርትና ፈተና ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚማር ልጅ ትምህርት ቤቱ የማይሰጠውን የኤፒ ፈተና በራሱ አጥንቶ ሊቀመጥ ይችላል፤ አብዛኞቹ ፈተናዎች ክፍል ገብቶ መማርን አይጠይቁም። ታዲያ ወዲያው ውጤቱ ይታያል፤ ከ5 አምስት ያገኙት የበዙበት ትምህርት «ቀላል» ይባላል። የቻይንኛው 5 የሚበዛው ቻይንኛ ከቤት ይዘው የመጡ ልጆች ስለሚወስዱት ነው። ከበድ ያለው የሒሳብ ኤፒ፣ ካልኩለስ ቢሲም ላይ የሚቀመጡት ድሮውንም ሒሳብ የበረቱት ናቸው። (የአማርኛ ኤፒ ቢኖር የኛም ልጆች ቁጥሩን ባሳመሩት ነበር። የለም እንጂ።)

መጀመሪያ የማይሆኑትን ማውጣት ይሻላል። ሴሚናርና ሪሰርች የሚባሉት ኤፒዎች ያለ ትምህርት ቤት አይሄዱም። ሥነ ጥበቡ በሥራ ስብስብ ነው የሚመዘነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ፕሪንሲፕልስ ደግሞ 30 በመቶው ተማሪው ሠርቶ ከሚያስገባው ፕሮግራም ስለሚመጣ ለብቻ ሲሆን ይከብዳል።

ሳይኮሎጂ ብዙ ሰው ይስባል፤ ቃላት ሸምድዶ መግባት ይመስላል። ነገር ግን ከ2024-25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተቀይሯል፤ 9 የነበሩት ምዕራፎች 5 ሆነዋል፣ የጽሑፍ ጥያቄዎቹም የጥናት ጽሑፍ አንብቦ መተንተንን ይጠይቃሉ። ከአክስት ልጅ የተወረሰ የቆየ መጽሐፍ እዚህ ላይ ጉድ ይሠራል።

እኔ ብመርጥ ማይክሮኢኮኖሚክስ ነው የምለው። 6 ምዕራፍ ብቻ ነው፣ ሒሳቡም ከመደመርና ከማካፈል ብዙም አያልፍም። 60 የምርጫ ጥያቄ በ70 ደቂቃ የውጤቱን ሁለት ሦስተኛ ይይዛል፤ ለተሳሳተ መልስ ቅጣት ስለሌለ ባዶ መተው ኪሳራ ነው። የቀረውን 3 የጽሑፍ ጥያቄዎች ይይዙታል፣ በ1 ሰዓት።

ልጆች የሚወድቁት ግራፉ ላይ ነው። የሞኖፖሊን (ብቸኛ ሻጭ ያለበትን ገበያ) ግራፍ እንውሰድ፦ የምርቱ መጠን ማርጂናል ሬቨኑ (አንድ ተጨማሪ ምርት የሚያስገባው ገቢ) እና ማርጂናል ኮስት (አንድ ተጨማሪ ምርት የሚያስወጣው ወጪ) ከሚገናኙበት ነጥብ ቁልቁል ይነበባል። ዋጋው ግን ከዚያው ነጥብ ሽቅብ ተወጥቶ የዲማንድ (የገዢዎች ፍላጎት) መስመሩ ላይ ነው የሚገኘው። ብዙዎች መገናኛው ላይ ቆመው በቀጥታ ወደ ግራ ይሄዳሉ። ዋጋው ከተሳሳተ ትርፉን የሚያሳየው አራት ማዕዘንም አብሮ ይበላሻል። መስመሮቹ ላይ ስም ሳይጽፉ መተው ደግሞ እያወቁ ነጥብ መጣል ነው። ከሜይ 2025 ወዲህ ምርጫው ብሉቡክ በሚባለው መተግበሪያ ኮምፒውተር ላይ ቢሠራም ግራፉ አሁንም በእጅ ነው የሚሳለው፤ ስለዚህ ልምምዱም በእርሳስና በወረቀት ይሁን።

ምዝገባው ከጥናቱ በላይ ያሰናክላል። ፈተናው ሜይ ላይ ስለሆነ ጊዜ ያለ ይመስላል፤ ትምህርት ቤቱ ፈተናውን የሚያዝበት ጊዜ የሚዘጋው ግን ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ 40 ዶላር ይጨመርበታል። የትምህርት ቤቱ የኤፒ አስተባባሪ ለፈተና ብቻ የሚሆን የመግቢያ ኮድ መስጠት አለበት። የራስ ትምህርት ቤት እምቢ ካለ የሌላውን መለመን ነው፤ ያውም ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ የሚቀበለው ሁሉም አይደለም፤ ስለዚህ ስልኩ ሴፕቴምበር ላይ ይደወል።

ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛው የታሰበው ዩኒቨርሲቲ ለዚያ ትምህርት በስንት ውጤት ክሬዲት (ትምህርቱን ኮሌጅ ውስጥ እንደወሰዱት የሚያስቆጥር) እንደሚሰጥ ነው፤ አንዱ 3 ይበቃዋል፣ ሌላው 5 ይላል፣ ጭራሽ የማይሰጥም አለ። ሁለተኛው የኤፒን ፈተና የሚያዘጋጀው ድርጅት፣ ኮሌጅ ቦርድ፣ በነጻ ከሚለቃቸው ያለፉ ዓመታት የጽሑፍ ጥያቄዎች አንዱን ከነማረሚያው ማንበብ ነው። መልሱን አለማወቅ ችግር የለውም። ነጥቡ ለምን እንደተሰጠ አንብቦም ካልገባ ግን ሌላ ትምህርት ይፈለግ።