ቁሌቱን ለሌሊት መተው

ብዙዎቻችን ክሮክፖት የምንለውን፣ በኤሌክትሪክ በዝግታ የሚያበስለውን ድስት የገዛሁት ለዶሮ ብዬ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ የማታ ፈረቃ ለሚሠራ ሰው ሐሳቡ ያጓጓል፤ ጠዋት ሁሉንም ጨምሮ መክደን፣ ተኝቶ መነሣት፣ መብላት። ድስቱ ዛሬም ከጠረጴዛዬ ላይ አይነሣም፤ በዋናነት የሚያገለግለኝ ግን ለሽንኩርት ነው።

ዶሮ ወጥ አገር ቤት ቀኑን የሚፈጀው በሁለት ምክንያት ነው። የሐበሻ ዶሮ ሥጋው ጠንካራ ነው፤ ቁሌቱም አይቸኩልም። የአሜሪካ ሱቅ ዶሮ ግን በአብዛኛው በ6 ወይም በ7 ሳምንቱ የሚታረድ ለጋ ነውና ከአንድ ሰዓት የዘለለ እሳት አይፈልግም። ዝግተኛው ድስት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲቆይ አጥንቱ ከሥጋው ይለያይና ፈረሰኛውን ከመላላጫው መለየት ያቅታል። እንዲህ ያለውን ለእንግዳ ማቅረብ እኔ አልደፍርም። ሽንኩርቱ ግን እዚህም እዚያም ያው ሽንኩርት ነው፤ የሚፈልገውም ጊዜ ነው። ጊዜ ደግሞ ይህ ድስት ያለው ብቸኛ ሀብት ነው።

ስለዚህ ከሥራ በፊት 2 ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ እከትፋለሁ። ማሽን ይፈጥናል፤ ግን ትንሽ ካለፈ ሽንኩርቱን ጭማቂ ያደርገዋል፣ ያ ውሃ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ተኖ አያልቅም። ጥቂት ዘይትና ቁንጥር ጨው ጨምሬ በዝቅተኛው ሙቀት ከ8 እስከ 10 ሰዓት እተወዋለሁ። ከሥራ ስመለስ ክዳኑ ሥር የእንጨት ማማሰያ አጋድሜ ለእንፋሎቱ መውጫ እከፍትለትና አንድ ሁለት ሰዓት እተኛለሁ። ክዳኑ እንደተገጠመ ከቀረ እንፋሎቱ ተመልሶ ይንጠባጠብና ቁሌቱ እንደቀጠነ ይቀራል። በደንብ ሲበስል ሽንኩርቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፤ በማማሰያ ስገፋው የድስቱ ወለል ይታይና ቀስ ብሎ ይከደናል። ያን ጊዜ ደርሷል።

እማዬ ይህን በስልክ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ታዲያ ማን ሲያማስለው አደረ?» ማንም እንዳላማሰለው ስነግራት ዝም አለች። እስካሁንም ያመነችኝ አይመስለኝም።

በርበሬውን ግን ለዚህ ድስት አላምነውም። ሙቀቱ ከውሃ መፍያ በላይ ስለማይወጣ በርበሬው በቅባት አይቁላላም፣ ጥሬ ጥሬ እንደሸተተ ይቀራል። ቁሌቱን ወደ ተራ ድስት ገልብጬ በምድጃ ላይ በርበሬና ንጥር ቅቤ እጨምራለሁ፤ ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረግሁ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ሲመቸኝ ከዚያም በላይ አቁላላለሁ። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዶሮው ለመጨረሻው 45 ደቂቃ ይገባል፣ የተቀቀለው እንቁላል ሊወጣ ሲል፣ መከለሻው ከወረደ በኋላ።

ዶሮውንም እዚያው ዝግተኛው ድስት ውስጥ ለማብሰል ለሚፈልግ፦ ደረቱን ይተወው፣ ታፋና እግር ከነአጥንቱ ይምረጥ። ደረት ቅባት ስለሌለው ይደርቃል፤ የታፋው ጅማት ግን በዝግታ ይቀልጥና መረቁን ያወፍረዋል። በዝቅተኛው ከ4 ሰዓት በላይ አላቆየውም። ከፍሪዘር የወጣ ዶሮ ሳይቀልጥ አይገባም፤ ድስቱ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ሥጋው ባክቴሪያ በሚራባበት ሙቀት ብዙ ሰዓት ይቆያል። የሥጋ ቴርሞሜትር ከ74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ማሳየት አለበት። ክዳኑን እየከፈቱ ማየትም ዋጋ አለው፤ የወጣውን ሙቀት ለመመለስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። (ዶሮን በቧንቧ ሥር ማጠብ ጀርም ይረጫል ብለው የአሜሪካ የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች ይመክራሉ። ሎሚና ጨው መተው ለእኛ የማይታሰብ ስለሆነ እኔ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ሳልረጭ አወጣዋለሁ፤ ማጠቢያውንም ወዲያው አጸዳለሁ።)

ለልጆቹ የምሠራው በኦቨን የሚጋገር የዶሮ ካሰሮል ከዚህ ሁሉ ይቀላል። 2 ኩባያ ሩዝ ከካሮትና ከሽንኩርት ጋር በትልቅ ትሪ ላይ እዘረጋለሁ፣ 3 ኩባያ ተኩል የፈላ መረቅ አፈስበታለሁ፣ አዋዜ የተቀባ ታፋ ከላይ እደረድራለሁ። ትሪውን በፎይል ጠበቅ አድርጌ ሸፍኜ በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 45 ደቂቃ፣ ከዚያ ገልጬ ሌላ 20 ደቂቃ። መረቁ ከፈላ ወዲያ ይፍሰስ፤ በቀዝቃዛ ከተጀመረ ዶሮው ሲበስል መሃል ላይ ያለው ሩዝ ጥሬ ይቀራል።

በጾም ወራት ድስቱ የሚመቸው ለምስርና ለባቄላ ነው፤ ይህም አይገርምም። አርቪንግ ናክሰን የተባለው አሜሪካዊ በ1940 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ዕቃ ሲሸጥ የነበረው ባቄላ ማብሰያ ተብሎ ነው፤ መነሻውም እናቱ ስለ ሊትዌንያ አይሁድ የነገረችው፣ ለሰንበት ሌሊቱን በዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ የሚያድር ወጥ ነበር። ክሮክፖት የሚለውን ስም ይዞ በ1971 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣው ሌላ ኩባንያ ከገዛው በኋላ ነው። ከጥራጥሬው ሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራው ቀይ ቦሎቄ ነው። ጥሬው መርዛማ ንጥረ ነገር አለው፣ ዝቅተኛ ሙቀትም አያጠፋውም፤ ስለዚህ ዘፍዝፌ ውሃውን ደፍቼ፣ በሚንፈቀፈቅ አዲስ ውሃ 30 ደቂቃ ሳልቀቅል ወደ ድስቱ አላስገባም።

የአፓርትመንት ነዋሪ ስለ ሽታው ማሰብ አለበት። ሌሊቱን የሚቁላላ ሽንኩርት ካፖርት ውስጥ ገብቶ ባቡር ላይ ይከተላል። እኔ ልብሱን ሁሉ መኝታ ቤት አስገብቼ በሩን እዘጋለሁ፣ ድስቱን ከመስኮቱ አጠገብ አኖራለሁ። የተረፈውንም በዚያው በድስቱ የውስጥ ሸክላ ፍሪጅ አላስገባም፤ ሸክላው ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ለረጅም ሰዓት ይይዛል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ዝቅ ዝቅ ባሉ ዕቃዎች ከፋፍዬ አስገባዋለሁ።

አሁን ሽንኩርቱን የማበስለው ለአንድ ወጥ ብቻ አይደለም። በርበሬ ያልገባበትን ቁሌት በትናንሽ ከረጢቶች ጠፍጣፋ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ እደረድራለሁ፤ ለዶሮም ለምስርም የሚሆን ነው። ከሥራ ደክሜ በገባሁበት ቀን አንዱን ከረጢት ድስት ላይ ሰብሬ በርበሬውን እጨምርበታለሁ።