ውሮ ምን አጠፋች?

የድመት ሽንት ይሸታል ማለት የገዛሁት የወይን መጽሐፍ ላይ ምስጋና ነው። ይህን መጀመሪያ ያዙልኝ። ሶቪኞን ብላን የሚባለው ነጭ ወይን ቃሪያ፣ የታጨደ ሣርና የድመት ሽንት ይሸታል ተብሎ በሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ በባለቀለም ሥዕል ታትሟል። እኔ አልፈጠርኩትም። የወይን ቀማሾች ፊታቸውን ሳያጨማድዱ የሚሉት ነው። የድመት ሽንቱ ምክንያት ሳይቀር ይታወቃል፤ ወይኑ ውስጥ ድኝ ያለባቸው ውህዶች አሉ፣ በጣም በጥቂቱ ሲሆኑ ለአፍንጫ ደስ ይላሉ።

አሁን ይህን ለየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አስረዱልኝ።

መጽሐፉን የገዛሁት መገናኛ፣ ሸራ አንጥፎ ከሚሸጥ ልጅ ነው። የታክሲ ሰልፉ ዞሮ ዞሮ እሱ ሸራ አጠገብ ይደርሳል፤ አንባቢ ያደረገኝ የትራንስፖርት እጥረት ነው ብል አላጋነንኩም። ልጁ ዋጋ የሚተምነው በክብደት ነው። «ብራዘር፣ ያዘውና እየው» አለኝ። ያዝኩት። ክንዴ ወረደ። ከፈልኩ።

ቤት ገብቼ ሳየው ካርታ የለውም። ካርታ የሌለው የወይን መጽሐፍ አትግዙ። ወይን ማለት ቦታ ነው፤ ፈረንሳይ ሎዋር ወንዝ ዳር የሚተከለውና ኒውዚላንድ ማርልቦሮ የሚተከለው ያው አንድ ዓይነት ወይን ሆኖ ብርጭቆ ውስጥ ግን ሌላና ሌላ ነው። የታተመበትንም ዓመት እዩ። የእኔው ዋጋ የሚጽፈው በፍራንክ ነው! ፈረንሳዮች ፍራንክን በ2002 እ.ኤ.አ. ተሰናብተውታል። በ1855 እ.ኤ.አ. ስለወጣው የቦርዶ ወይኖች ደረጃ ሲያወራ ገጹ አያልቅም፤ ስለ ዝዋይ ግን አንድ መስመር የለም። ዝዋይ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ያወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ስለሆነ በፍራንክ ዘመን የታተመ መጽሐፍ ከየት ያውቀዋል ትሉ ይሆናል። እሺ። ጉደርስ? ጉደር ምን በደለ?

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። አራተኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ ልጃቸው ከአውስትራሊያ መጥታ ጎረቤቱን ጠሩ። ዶሮው አለ፣ ክትፎው አለ፣ ቢራው በሳጥን አለ። ልጅቷ ደግሞ በሹራብ ጠቅልላ ያመጣችው አንድ ጠርሙስ ነጭ ወይን አለ። ከኒውዚላንድ። ሶቪኞን ብላን። ያጠናሁት ጥያቄ ፈተና ላይ የመጣልኝ ያህል ደስ አለኝ።

ጋሼ በሻይ ብርጭቆ ቀድተው ሰጡኝና «አንተ እኮ ስለዚህ ነገር ታነባለህ አሉ፤ እስቲ ንገረን፣ ልጄ ደህና ነገር ነው ያመጣችው?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቴሌቪዥኑ እንኳ ተቀነሰ። ብርጭቆውን አዞርኩት፣ አፍንጫዬን አስገባሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ቃሪያ» አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

«የታጨደ ሣር።» ልጅቷ ፈገግ አለች።

«እና… ጥርት ያለ የድመት ሽንት!»

በአድናቆት ነው ያልኩት። ድምፄንም ከፍ አድርጌ።

እትዬ የያዙትን ጭልፋ አስቀመጡ። «ውሮ እዚህ ገብታለች እንዴ?»

«አይ እትዬ፣ እሱ እንኳ ወይኑ…» ብዬ ስጀምር ልጅቷ «ምኑ?» አለች። አጠያየቋ ጥሩ አልነበረም። ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ሆነ፤ ወይ ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣውን ወይን፣ ወይ ድመቷን። ውሮ እዚያ አልነበረችም።

«ከሶፋው በኩል መሰለኝ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም መጽሐፍ አይጽፈውም። ዳንቴሉ ተነሣ። ትራሶቹ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ተራ በተራ ተሸተቱ። ሙሉ ሱፍ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ተንበርክከው ምንጣፉን ከዳር እስከ ዳር አሸተቱ፤ መሐል ላይ ቆም ብለው «እዚህ ጋ ይጠረጠራል» አሉና ሌላ ሰው ለማረጋገጥ ተንበረከከ። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሶፋውን ሲጎትቱ የጠፋ ሪሞት፣ አንድ እግር ካልሲና ጋሼ የት እንደገባ አላውቅም ያሉት የዕቁብ ደብተር ወጣ፤ ለደብተሩ ብቻ የተለየ ክርክር ተነሣ። በዚህ መሐል የእኔ ፊት ለፊት በር ያሉት ሴትዮ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣኝን ነገር ተናገሩ።

«እኔ እንኳ ገና ስገባ ሸትቶኛል። ነውር ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ምን ሸተታቸው? ቤቱ የሚሸተው ቅቤና ኮረሪማ ነበር! ሴትዮዋ ያንን ያሉት ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው።

እጣኑ ተደርቦ ተጨሰ፤ ቡና ስንጠጣ ማን ማን እንደሆነ የምንለየው በሳል ነበር። ጋሼ ድመቷ ትውጣ ሲሉ ኖረዋል፣ የጎደላቸው ምስክር ነበር። በነጋታው ውሮ በካርቶን ሆና ሰንዳፋ ዘመድ ቤት ሄደች። ደረጃው ላይ «የቤት እንስሳትን ይመለከታል» የሚል የስብሰባ ጥሪ ተለጠፈ፣ ማኅተም ያለበት። ውሃ ሲጠፋ ስብሰባ የለም፣ የመብራት ቆጣሪ ሲቃጠል ስብሰባ የለም፤ ለውሮ ጊዜ ምልአተ ጉባኤ ተሟላ። አይጦቹ ግን ሰንዳፋ አልሄዱም። እኔ ወጥ ቤት ገብተዋል። ሕፃናቱም ደረጃ ስወጣ «ሚያው» ይሉኛል፣ የወላጆቻቸው ሳቅ ከበር ጀርባ እየተሰማኝ።

ወይኑን ትቼ ወደ ምግብ መጽሐፍ ዞርኩ። «የጣሊያን ምግብ» የሚለውን ግን አልነካሁም። እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ሰሜኑ ቅቤና ሩዝ ይወዳል፣ ደቡቡ የወይራ ዘይትና ደረቅ ፓስታ፤ ቦሎኛ ሄዳችሁ ስጎ ስታዙ የሚቀርበው ታሊያቴሌ ከሚባለው ጠፍጣፋ ረጅም ፓስታ ጋር ነው፣ ከስፓጌቲ ጋር አይደለም። እኛም ጋ በዶሮ ወጥ ጀምሮ በክትፎ የሚጨርስ «የኢትዮጵያ ምግብ» ያናድደኛል። የወለጋ አንጮቴ የታለ? የዓጋመ ጥህሎስ? የሲዳማ ቡርሳሜስ? ደህና የአካባቢ ምግብ መጽሐፍ እንግዳ በሌለበት ማክሰኞ ቀን ሰፈሩ ምን እንደሚበላ ይነግራችኋል።

እና የአንዱን የጣሊያን ክፍል፣ የቶስካናን ምግብ መጽሐፍ ወሰድኩ። ቶስካናዎች ሌላው ጣሊያን «ቦሎቄ በሊታ» እያለ የሚያሾፍባቸው ሰዎች ናቸው፤ የኔ ሰዎች ናቸው አልኩ። «ቦሎቄውን አንድ ሰዓት ቀቅል» ይላል መጽሐፉ። ባሕር ዳርቻ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ ውሃችን 92 ገደማ ሲደርስ ፈላሁ ብሎ ይንተከተካል፣ ቦሎቄው ግን ጠጠር ነው። ሁለተኛው ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ደግሞ ሽንኩርት በ5 ደቂቃ ይቀላል ይላል! ይህን የጻፈ ሰው እናት አላሳደገችውም።

ሰሞኑን ሰልፍ ላይ ቆሜ የመገናኛው ልጅ ጠራኝ። «ብራዘር፣ የፈረንሳይ አይብ ገብቷል፤ ካርታ አለው!» ገለጥኩት። እውነትም ካርታ አለው፣ ዋጋ የሚል ነገር የለውም። ስለ አንዱ አይብ «ያልታጠበ እግር ይሸታል» ይላል፣ በምስጋና። ሐሰትም አይደለም፤ ቅርፊቱን የሚያበስለው ባክቴሪያ ሰው እግር ላይ ካለው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው።

ገዛሁት። እሑድ የፊት ለፊቷ ሴትዮ ለልጃቸው ምርቃት ጠርተውኛል። እሳቸው ቤት ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው።