ቲማቲም በዱቤ፦ የጉሊቷ ሒሳብ ለምን አይሞላም?

አዳማ ላይ ስለ ድህነት ወሬ ሲነሣ ክርክሩ ቶሎ ሁለት ጎራ ይይዛል። አንዱ «ሥራ ሞልቷል፣ ሰዉ ነው የሰነፈው» ይላል፤ ሌላው ሁሉንም ነገር መንግሥት ላይ ያላክካል። ሁለቱም ግን የአንዲት የጉሊት ቸርቻሪን ሒሳብ ቁጭ ብለው አልሠሩም።

ቲማቲም ከመቂና ከቆቃ አካባቢ በሳጥን ይገባል፤ ቸርቻሪዋ ንጋት ላይ ከጅምላ ነጋዴው ትረከባለች። ለስሌት እንዲመች ሳጥኑ እጅ በእጅ 1,000 ብር ነው እንበል። ጥሬ ገንዘብ የሌላት በዱቤ ወስዳ ማታ 1,100 ትመልሳለች። 100 ብር ምንም አይመስልም። በወር 25 ቀን ከሠራች ግን 2,500 ብር ነው፦ የሳጥኑን ዋጋ ሁለት ጊዜ ተኩል ከፍላ፣ ወሩ ሲያልቅ አንድም ሳጥን የራሷ አይደለም። ስለ አራጣ የሚወራው ቤትና መኪና ተይዞበት ሲገኝ ነው፤ ይሄኛውን ማንም ወለድ ብሎ አይቆጥረውም።

ጣጣው ደግሞ በዚህ አያበቃም። በዱቤ የምትወስድ ሴት ሳጥን አትመርጥም። ጥሬ ገንዘብ የያዘችው እጇን ወደ ታች ሰድዳ የተጨፈለቀ መኖሩን ታያለች፤ ባለ ዱቤዋ የተሰጣትን ተሸክማ ትሄዳለች። በአዳማ ሙቀት የበሰለ ቲማቲም ከሰዓት በኋላ ይለሰልሳል፣ የአንዱ ፍንዳታ ጎረቤቱን ያበላሻል። ከሳጥኑ አምስተኛው ከተጣለ 200 ብር ሄደ። ዕዳው ማታ ስለሚጠበቅ ደግሞ 11 ሰዓት ሲሆን መደቡን አርክሳ ትሸጣለች። የራሷ ገንዘብ ያላት ጠንካራውን ለነገ ታሳድራለች። ሁለቱም እኩል ሠርተዋል፣ እኩል ፀሐይ መትቷቸዋል።

እንግዲህ የግል ኃላፊነት የሚባለው የት ይገባል? እዚህ ላይ እውነተኛ ቦታ አለው። ከዱቤው ላይ 100 ብር በራሷ ገንዘብ በተካች ቁጥር በየቀኑ 10 ብር ይቀርላታል። በቀን 20 ብር ብቻ እያስቀመጠች ብትሄድ 1,000 ለመሙላት 50 የገበያ ቀን ይፈጃል። ያስቀመጠችውን በየጠዋቱ ለሳጥኑ ከፍላ፣ የቀረላትን ወለድም ከ20ው ጋር እየጨመረች ከሄደች ግን በ19 ቀን ይሞላል። ታዲያ ለምን አይሞላም? አንድም ክፉ ቀን የሌለበት 19 ቀን ስለማይገኝ ነው። የልጅ ትኩሳት፣ የዕድር መዋጮ፣ አንድ የበሰበሰ ሳጥን፤ ከነዚህ አንዱ ቢደርስ ሒሳቡ ከዜሮ ይጀምራል። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው ገቢው ከማነሱ ይልቅ ክፉ ቀን የሚያሳልፍበት ትርፍ ማጣቱ ይጎዳዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው የራስ ገንዘብ ቲማቲም ላይ ባይውል ይሻላል። ሽንኩርት ይሁን። አንገቱ በደንብ የደረቀ፣ ልጣጩ የሚንኮሻኮሽ ሽንኩርት ነፋስ በሚገባው ጥላ ውስጥ ከሳምንት በላይ ይቆያል፤ ዛሬ ባይሸጥ ዋናው አይጠፋም። ክረምት ላይ እርጥብ የተጫነ ሽንኩርት ጆንያው ውስጥ ስለሚሻግት ያኔ ጥቂት ጥቂት መግዛት ነው። ቲማቲሙን እንደተረከቡ ጥላ ውስጥ ጆንያ ላይ አፍስሶ መለየት ያስፈልጋል፦ ቀዩ ለዛሬ፣ ሮዝማው ለነገ፣ አረንጓዴ የቀረበት ለተነገ ወዲያ። የፈነዳው ወዲያው በርካሽ ለምግብ ቤት ይሰጥ። እንዲያምር ብሎ ማጠብ ኪሳራ ነው፤ እርጥበቱ ያበሰብሰዋል።

ዕቁብ ይረዳል፣ ግን ዕጣው መቼ እንደሚደርስ ወሳኝ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ ሲያልፍ የባንክ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመጀመሪያውን ዕጣ የወሰደ ወለድ የሌለው ብድር አገኘ፣ የመጨረሻው ደግሞ የቀለለ ብር ተረከበ። ዋስ ማቅረብ የምትችል ከዳኛው ጋር ተነጋግራ ቀደም ያለ ዕጣ ትጠይቅ። ለሕመም የሚሆን ጥቂት ብር ግን ከዕቁቡ ውጭ መቀመጥ አለበት፤ ዕቁብ በተፈለገ ጊዜ አይወጣም።

ድሃ የከተማ ቤተሰቦችን ሥራ እያሠራ የሚከፍለው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ከ11ዱ ከተሞች አንዷ አዳማ ነበረች። ሠራተኛው ከሚከፈለው 20 በመቶ እንዲቆጥብ መደረጉ ጥሩ ሐሳብ ነው። መነሻ ገንዘብ የሚገኘው እንዲህ ነውና።

«ቆጥቡ» የሚለው ስብከት ግን ብዙ ጊዜ አድራሻውን ይስታል። ስብሰባ ተጠርታ የምትመከረው በቀን 20 ብር የማይተርፋት እናት ናት፤ ባልየው በወር 25 ቀን የ100 ብር ጫት ከቃመ ያው 2,500 ብር ከዚያው ቤት እየወጣ ነው። ኃላፊነት ከተባለ መጀመሪያ እሱ ይጠየቅ።

ጅምላ ነጋዴው «ግማሹን በጥሬ፣ ግማሹን በዱቤ» ሲባል አሻፈረኝ ሊል ይችላል፤ ባለ ዕዳ ደንበኛ ወደ ሌላ አትሄድበትማ። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ጭነት በበዛበት ቀን ነው። ብዙ መኪና አንድ ላይ የገባ ቀን ቲማቲሙ ሳያድርበት መሸጥ የሚቸኩለው እሱ ነው፣ ያኔ ግማሽ ጥሬ ገንዘብም ይቀበላል። ካልተቀበለ ሁለት ሴቶች 500፣ 500 አዋጥተው ከሌላ ነጋዴ አንድ ሳጥን መርጠው ይግዙ፤ ሲካፈሉም በኪሎ እንጂ በዓይን ግምት አይሁን፣ ሽርክናው የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው።