አምስተኛው እግር

ጥር ውስጥ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጡ ካሉት ሙዚየሞች አንዱ (ስሙን አልጠራም፣ ጥፋቱ የኔ ነው) ደወሉልኝ። «ሁለተኛው ክፍል ያለው ወንበር ይወዛወዛል፣ መጥተው ይዩልን።»

አናጢ ነኝ፣ ሄድኩ። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ፣ ወንበር ከተባለ፣ ወንበር አለ። ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተጠርቦ የወጣ፣ መደገፊያው ላይ ጆሮ የበቀለበት፣ እግሩ አምስት። አምስተኛው እግር ጉልበት አለው፤ መጨረሻው ላይ ከነጣቱ የሰው እግር ሆኖ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። «የጠረበው ሰውዬ ምን ጠጥቶ ነው?» አልኩና ቦርሳዬን ከፈትኩ።

ውሃ ልክ አስቀመጥኩበት። ከተረከዙ እስከ ወለሉ ስለካ 27 ሚሊ ሜትር። ከዋንዛ ቁራጭ ሽብልቅ አወጣሁና ተረከዙ ሥር ከትቼ በመዶሻ ሁለቴ መታ መታ። ቀጥ አለ! ዞሬ ጀርባውን ሳየው ደግሞ ስንጥቅ፤ ርዝመቱ 38 ሴንቲ፣ አፉ 4 ሚሊ። ዝም ብሎ ማለፍ አልችልም። ነጭ ኮላ በደቃቅ ሰጋቱራ እንደ ገንፎ ለውሼ በቢላ ጠቀጠቅኩበት፤ እንዳይሰረጉድ ካርቶን አስደግፌ በሁለት ሞርሳ አሰርኩት።

ይሄን ሁሉ ስሠራ ዘበኛው አባባ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። ስጨርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ እኔ የምቀመጥበት እኮ ያ ነው።» ጥግ ላይ አንድ ያረጀ ወንበር።

«ታዲያ ቅድም ለምን አልነገሩኝም አባባ?»

«ውሃ ልክ ስታወጣ ከመንግሥት የተላክህ መስሎኝ።»

ቅርጾቹን የምትንከባከበው ልጅ ተጠርታ መጣች። ትጮሃለች ስል «ጋሼ፣ ኮላው ስንት ደቂቃ ሆነው?» ብቻ አለችኝ። አሥር ቢሆነው ነው። «እንግዲያው ሞርሳውን ይፍቱ፤ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች፣ ግማሽ ግማሽ ዙር።» በአንዴ ከተለቀቀ እንጨቱ ይነጥራል።

እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አያጥርም፣ በጎኑ ነው የሚሰበሰበው። የዓመት ቀለበቱን ዙር ተከትሎ የሚሰበሰበው ደግሞ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ከሚሰበሰበው እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ እምብርቱ ያልወጣለት ሙሉ ግንድ ሲደርቅ ከቅርፊት ወደ ውስጥ መሰንጠቁ አይቀርም፤ የድሮ አውሮፓ ጠራቢዎች የቅዱሳን ምስል ጀርባውን ቦርቡረው የሚያወጡት ለዚህ ነው። ያ ስንጥቅ ጥር ላይ ይከፈታል፣ ሐምሌ ላይ ይጠባል። ጥር ላይ ሞልተህ ካሰርከው ሐምሌ ላይ ርጥበት ጠጥቶ ሲያብጥ መሄጃ ያጣና ሌላ ቦታ ይፈነዳል። የሚያናድደው ይሄን እኔም አውቃለሁ፤ በር ስሠራ ለክረምት ክፍተት እተዋለሁ። በር ላይ ግን ጆሮ የለም፣ ሐሳብ አይበትንም።

ከዚያ ስቴኪኒ። ጫፉ ላይ ጥጥ ጠቅልሎ፣ ውሃ ነክሮ፣ እርጥበቱ ብቻ እስኪቀር ጨምቆ፣ ከስንጥቁ ውስጥ ወደ ውጭ መጥረግ። ጥጡ አንዴ ከነካ ይጣላል፣ አለዚያ ኮላውን መልሶ ይቀባዋል። ብረት አይገባም፣ ይጭራል። እርጥብ ሳለ ነው በውሃ የሚለቀው፤ ከደረቀ ጅማቱ ውስጥ ይቀራል፣ በአሴቶን ልለስልሰው ካልክ ቫርኒሹም አብሮ ይሄዳል። እንደ እሷ ያሉ የሙዚየም ጠጋኞች ማጣበቅ ግድ ሲሆንባቸው ከቆዳ የሚፈላ ሙጫ ይጠቀማሉ፤ በሙቅ ውሃ ስለሚፈታ ነገ የሚሳሳተው ሰው ማረሚያ ያገኛል።

ሽብልቁን በእጅ ስቤ አወጣሁት፣ መዶሻ ከለከለችኝ። ጉልበቱ የታጠፈበት ቦታ የእንጨቱ ጅማት በአግድም ተቆርጧል፤ ከሁሉም ደካማው እሱ ነው፤ እኔም የመታሁት ልክ ከሥሩ! አንድ ምት ብጨምር ኖሮ ጣቶቹን ከወለል እለቅም ነበር።

እየጠረግን «እግሩ እንዳይነካ ተደርጎ ነው የተሠራው» አለችኝ። ነገሩ ሱሪያሊዝም ይባላል፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ አንድሬ ብረቶን ፓሪስ ላይ በ1924 እ.ኤ.አ. መግለጫውን ያወጣለት፣ የሕልምን አመክንዮ ወደ ዕቃ የሚያመጣ። በ1938 ኩርት ሴሊግማን በሴት እግሮች የቆመ መቀመጫ አሳይቷል፤ በ1939 ሜሬት ኦፐንሃይም የወፍ እግር ያለው ጠረጴዛ ሠርታለች። የኛው ሰዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንም ፓሪስ ሳለ ከዚህ ቀምሶ ነው ከ1966 እስከ 1969 እዚሁ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረው። ሰው እንዳይቀመጥበት ወንበር ለመሥራት ይሄን ያህል መድከም! ግን እውነቱን ልናገር፣ ሽብልቁ ከወጣ በኋላ ያ እግር ሊራመድ የተነሳ ነው የሚመስለው። ስደግፈው የሞተ ነገር ነበር።

ሦስት ሰዓት ፈጀ። የአባባ ወንበር አንድ ቪቴ በካቻቢቴ ማጥበቅ ብቻ ነበር፣ ሁለት ደቂቃ።

ሂሳብ ክፍል ገብቼ ደረሰኝ ሰጠሁ። የሂሳብ ክፍሏ ልጅ አነበበች፣ ደግማ አነበበች።

«ጋሼ፣ ስቴኪኒ ሦስት ፓኬት ይላል። ወንበሩን በስቴኪኒ ነው የጠገኑት?»

ከበሩ አባባ ቀደሙኝ፦ «ክፈይው ልጄ፣ ቆሜ አይቻለሁ።»